ያገለገለ የቅንጦት መኪና ታይሚንግ ቺንጋና ካቴና፦ ከጎጃም ደንበኞቻችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ የሚገዛው የነዳጅ መኪና ቀድሞ የገባው ነው። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠራ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው፣ ሌክሰስ ወይም ሬንጅ ሮቨር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቀለሙ ይታያል፣ ወንበሩ ይዳሰሳል፣ ጎማው ይመረመራል። ታይሚንጉን (የሞተሩን የውስጥ ጊዜ አጠባበቅ) የሚጠብቀው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ወይም ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ግን በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ሳይታይ ይታለፋል። ሙሉ ሞተር ሊያሳጣ የሚችለው ደግሞ እሱ ነው። እዚህ የሰፈሩት ጥያቄዎች ጋራዣችን የሚመጡ ገዢዎችና ባለመኪኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ታይሚንግ ቺንጋ ወይም ካቴና ሥራው ምንድን ነው?

ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍትና ቫልቮቹን የሚከፍት የሚዘጋውን ካምሻፍት አያይዞ በልክ ያስኬዳቸዋል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ልክ በአንድ ጥርስ እንኳ መዛነፍ የለበትም። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። በአብዛኞቹ የአሁን ዘመን ሞተሮች ውስጥ ቫልቩ በጊዜው ካልተዘጋ ወደ ላይ የሚመጣው ፒስተን ይመታዋል። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ወይም ካቴናው ጥርስ ሲዘል ጉዳቱ የቺንጋ ዋጋ ብቻ አይሆንም፤ ቫልቭ ይታጠፋል፣ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፣ ሲብስ ፒስተን ይሰበራል።

ዲናሞውንና የኤር ኮንዲሽነሩን ኮምፕሬሰር የሚያዞረው፣ ኮፈኑ ሲከፈት ከውጭ የሚታየው ቺንጋ ሌላ ነው። ሻጭ ወይም ደላላ «ቺንጋው አዲስ ነው» ሲልዎት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተቀየረው የውጭው ሆኖ ይገኛል።

የእኔ መኪና ያለው ቺንጋ ነው ወይስ ካቴና?

እኛ አካባቢ በብዛት ከሚዞሩት እንጀምር። የፕራዶ 3.0 ሊትር ዲዝል፣ 1ኬዲ የሚባለው ሞተር፣ ቺንጋ ነው፤ 4.0 ሊትር ቤንዚኑ ካቴና ነው። ሌክሰስ አርኤክስ 300 እና 330 ቺንጋ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ያለው አርኤክስ 350 ካቴና ነው። 4.7 ሊትር ቪ8 ቤንዚን ያለው ላንድ ክሩዘርና ወንድሙ ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ቺንጋ፣ ኤልኤክስ 570 ደግሞ ካቴና አላቸው። ጋራዣችን የሚገቡት መርሴዲስና ቢኤምደብሊው ሁሉም ካቴና ናቸው። አውዲ የተደባለቀ ነው፤ 2.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚኑ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ቺንጋ ነበረው፣ በኋላ የመጣው ትውልድ ካቴና ሆነ። ባለ አምስት ሲሊንደሩ ቮልቮ ኤክስሲ90 ቺንጋ ነው።

ሬንጅ ሮቨር ስፖርትና ዲስከቨሪ በ2.7 ወይም በ3.0 ሊትር ቪ6 ዲዝል ከሆኑ ሁለት ቺንጋ አላቸው። የፊተኛው ታይሚንጉን ይይዛል፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለችው ትንሿ ደግሞ የናፍጣውን ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ታዞራለች። የኋላዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። እሷ ስትበጠስ ቫልቭ አይታጠፍም፤ ሞተሩ ግን ናፍጣ አጥቶ ባለበት ይጠፋል።

በመኪናው ስምና በዓመቱ ብቻ አይወስኑ፤ አንድ ሞዴል በሁለትና በሦስት ዓይነት ሞተር ይመጣል። በሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ይዘው ይጠይቁ፤ ሞተሩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር መግጠሙንም በዚያው ያዩታል።

ቺንጋው መቼ ነው የሚቀየረው?

በፕራዶው 1ኬዲም ሆነ በእነዚያ የሌክሰስ ሞተሮች ፋብሪካው የሚያስቀምጠው 150,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን እዚህ ለሚነዳ መኪና ከ90,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ወይም ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰውን እንይዛለን። ምክንያቱ አቧራው ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ቆላው ወይም ወደ ገጠር ወረዳዎቹ የሚመላለስ መኪና በጋውን ሙሉ ደቃቅ አፈር ሲተነፍስ ይከርማል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃና ውሃ አለ። የቺንጋው የፕላስቲክ ሽፋን ተሰንጥቆ ወይም «አያስፈልግም» ተብሎ ሳይገጠም ቀርቶ ከሆነ ያ አፈር በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ይፈጨዋል። ሽፋኑ ተራ ፕላስቲክ ቢመስልም የቺንጋው ዕድሜ የተንጠለጠለው በእሱ ነው፤ ከጠፋ ፈልገው ያስገጥሙት።

ዓመቱ የሚቆጠረው ደግሞ ቺንጋው ከጎማ የተሠራ ስለሆነ ነው። ግቢ ቆሞ በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ መኪና ቺንጋውም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። «መኪናው አልተነዳም» የሚለው ወሬ ለሻጩ ጥሩ ማሻሻጫ ነው፣ ለቺንጋው ግን ምስክር አይሆንም።

ሻጩ ቺንጋው ተቀይሯል ብሎኛል፤ ልመን?

ወረቀት ይጠይቁ። የመለዋወጫው ደረሰኝ፣ የሠራው ጋራዥ ስም፣ የተቀየረበት ኪሎ ሜትር መኖር አለበት። ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ያስቀንሱና ገዝተው እንደወጡ ያስቀይሩ። ይህን ስንመክር ሻጩን ሁሉ ውሸታም ማለታችን አይደለም፤ ብዙው ሻጭ ራሱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት ስለሆነ የሰማውን ነው የሚነግርዎት።

ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። ከኮፈኑ ሥር ወይም ከቺንጋው ሽፋን ላይ «2015» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያገኛሉ። ዱባይ የተለጠፈ ከሆነ እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 2007 ወይም 2008 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር አንብበው ቅርብ ጊዜ የተቀየረ የመሰላቸው ገዢዎች ገጥመውናል፤ በመካከሉ የሰባት፣ የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፣ ያም አንድ ሙሉ የቺንጋ ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው ማይል ነው። በአሜሪካ ተነድተው የመጡ ሌክሰሶችና መርሴዲሶች ቆጣሪያቸው በማይል ነው። 90,000 ማይል 145,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ኪሎ ሜትር ካነበቡት የቺንጋው ጊዜ ሲያልፍ ገና ብዙ እንደቀረው ያስባሉ።

ሦስተኛው የፕራዶው የቺንጋ መብራት ነው። 1ኬዲ ሞተር 150,000 ላይ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ ምልክት አለው። መብራቱ የሚሠራው በኪሎ ሜትር ቆጠራ ብቻ ስለሆነ ቺንጋውን አያይም፤ ማንም ሰው ቺንጋውን ሳይነካ ከዳሽቦርዱ መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። መጥፋቱ ምንም አያረጋግጥም።

ካቴና ከሆነ ዕድሜ ልክ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ዕድሜ ልክ የሚሆነው ዘይቱ በጊዜውና በዓይነቱ ለተቀየረ ሞተር ነው። ካቴና እንደ ቺንጋ ድንገት አይበጠስም ማለት ይቻላል፤ የሚያልቀው በየመጋጠሚያው እየተበላ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በጥቂቱ ሲሰፋ ጠቅላላው ይረዝማል፤ ሲረዝም የካምሻፍቱ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን የሚያካክሰው መወጠሪያ በሞተሩ ዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ዘይቱ ቆሽሾ ወይም ሳስቶ ግፊቱ ሲወርድ መወጠሪያው ይደክማል፣ ካቴናው ይወዛወዛል፣ ካቴናው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ መሪ ይመታና ይሰነጠቃል። የተሰበረው ፕላስቲክ ዘይት መያዣው ውስጥ ወድቆ የዘይት ፖምፓውን መሳቢያ ይደፍናል። ያኔ ሞተሩ በሁለት በኩል ይመታል፤ ታይሚንጉም ይሄዳል፣ ዘይቱም አይደርስም።

ጠዋት ሳስነሳው ለአፍታ «ክርርር» ይልና ይጠፋል። ችግር ነው?

ነው። ሲጀምር የምንሰማው ምልክት ይኸው ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ከመወጠሪያው ውስጥ ስለሚወርድ ጠዋት ሲነሳ የላላው ካቴና እስኪወጠር ድረስ ይንኳኳል። ከሁለት፣ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም በየቀኑ ከተሰማ፣ ለምርመራ ማምጣት የሚገባው ያኔ ነው። ድምፁ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራም ከተሰማ መኪናውን ማቆም ነው የሚሻለው።

ለገዢ ትልቅ ጥቅም አለው። መኪና ለማየት በጠዋት ይሂዱ፤ በተለይ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ጠዋት ብርዱ ስለሚበረታ ለዚህ ፈተና ይመቻል። ሻጩ አስቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑ ላይ እጅዎን ያኑሩ። ከሞቀ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብለው ይሂዱ። ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ እርስዎ ከኮፈኑ ፊት ቆመው ሌላ ሰው ያስነሳው።

በተለይ ልጠነቀቃቸው የሚገቡ ሞተሮች የትኞቹ ናቸው?

መርሴዲስ፦ 1.8 ሊትር ባለ ኮምፕሬሰሩ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ) ኤም271፣ በሲ180፣ በሲ200 እና በኢ200 ያለው፣ ካቴናው ይረዝማል፣ የካምሻፍት ማስተካከያዎቹም ጥርስ ይበላል። ካቴናውን ብቻ ቀይሮ የተበላውን ጥርስ ማርሽ መተው ገንዘብ ማባከን ነው፤ አሮጌው ጥርስ አዲሱን ካቴና ይበላዋል። ቪ6ቱ ኤም272፣ በኢ350ና በኤምኤል350 ያለው፣ የተለየ ታሪክ አለው። ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተሠሩት ላይ የሚያልቀው የሞተሩን መንቀጥቀጥ የሚያለዝበው ዘንግ ጥርስ ነው። ያ ጥርስ ሲበላ ታይሚንጉ ይዛነፋል፤ ለመቀየር ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት። ዳኝነቱ በመኪናው ሞዴል ዓመት ሳይሆን በሞተር ቁጥሩ ነው፤ የቁጥሩ የመጨረሻ ስድስት አኃዝ ከ468993 በታች ሲሆን አሮጌው ጥርስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሳያስመረምሩ አይግዙ። ቪ8ቱ ኤም273 ላይ ተመሳሳይ መበላት በመካከለኛዋ ጥርስ ማርሽ ላይ ይታያል።

ቢኤምደብሊው፦ 2.0 ሊትር ዲዝሉ ኤን47፣ ከ2007 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ካቴናው ከሞተሩ ኋላ በካምቢዮው በኩል ነው። ከተነካ ካምቢዮ ወይም ሞተር መውረዱ አይቀርም። 2.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚኑ ኤን20 ላይ፣ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በወጡት፣ የካቴናው ፕላስቲክ መሪ ይሰባበራል። ነዳጅ ሲሰጡት ከፊት በኩል ቀጭን ፉጨት የሚመስል ድምፅ ካለ፣ ወይም ዘይት ሲቀየር ቡናማ ቢጫ የፕላስቲክ ስባሪ ከወጣ፣ ሌላ ምልክት አይጠብቁ።

አውዲና ቮልስዋገን፦ 2.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ያለው፣ አሮጌው መወጠሪያ ድንገት ይለቃል። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሞተር የገደለበት ስለሚበዛ እኛ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ቅድሚያ የምናየው የተሻሻለው መወጠሪያ መግባቱን ነው። በታይሚንግ ሽፋኑ ላይ ያለችው ትንሽ መድፈኛ ስትወጣ የመወጠሪያው ዓይነትና ምን ያህል እንደወጣ ይታያል፤ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሬንጅ ሮቨርና ጃጓር፦ 5.0 ሊትር ቪ8፣ በተለይ ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ያሉት፣ የመወጠሪያቸው ጫፍ ይቆፈራል፤ ከፊት በኩል የሚቆጥር ድምፅ ይሰማል።

የቶዮታና የሌክሰስ ካቴና ዘይቱ ከተጠበቀ እምብዛም አያስቸግርም። ለመንገዳችንና ለመለዋወጫ አቅርቦታችን የትኛው ይሻላል ብለው ለሚጠይቁን መልሳችን ግልጽ ነው፤ ሌክሰስ።

የትኛውን ዘይት ልጠቀም? በምን ያህል ጊዜ ልቀይር?

ለእነዚህ የአውሮፓ ሞተሮች ወፍራሙ 20ደብሊው-50 አይሆንም። ብርዳማ ጠዋት ላይ ወደ መወጠሪያው ለመድረስ ይዘገያል፤ ካቴናው በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው የሚንኳኳው። ሙሉ ሲንቴቲክ 5ደብሊው-30 ወይም 5ደብሊው-40 ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ብቻም አይበቃም፤ ከጣሳው ጀርባ የፋብሪካው ፈቃድ መጻፍ አለበት፤ ለመርሴዲስ ቤንዚን 229.5፣ ለቢኤምደብሊው ቤንዚን ሎንግላይፍ-01፣ ለአውዲ ቤንዚን 502.00። ዲዝል ሆኖ የጭስ ማጣሪያ ያለው ከሆነ የሚፈቀድለት ዘይት ሌላ ስለሆነ ይጠይቁን።

የአውሮፓ መጽሐፋቸው 15,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈቅዳል። እዚህ ግን በየ7,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ዓመት ሳያልፈው፣ ከነፊልትሮው ይቀየር። የታሸገ ጣሳ ራስዎ ይዘው ይምጡ፣ ፊትዎ ይከፈት። ካቴና ለመቀየር ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ የጥሩ ዘይት ዋጋ ምንም አይደለም። ይህን የምንለው ዘይት ስለምንሸጥ አይደለም፤ አንሸጥም።

ሲገዙ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ብረቱ ንጹሕ ወይም ቀለል ያለ ወርቃማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር ዝቃጭ የተጋገረበት ከሆነ የካቴናው ታሪክም በዚያው ተጽፏል።

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ብዙ ሰዓት እቆማለሁ። ያ ሞተሬን ይጎዳል?

ሞተሩን እያስነሱ እያጠፉ በጥቂት ሜትር የሚጠጉ ከሆነ፣ ወይም ሳያጠፉት ከቆዩ፣ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ዘይቱ ያረጃል። በኪሎ ሜትር ብቻ ዘይት የሚቀይር ሰው ይህን አያየውም። ሰልፍ የበዛበት ወቅት ካሳለፉ ቆጣሪው ባይሞላም ዘይቱን ቀድመው ይቀይሩ።

በማሽን ተመርምሮ ምንም የብልሽት ኮድ አልወጣም። ይበቃል?

አይበቃም። ከሽያጭ በፊት ኮድ ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መርማሪው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። አንደኛው ኮድ ከጠፋ ወዲህ መኪናው የተነዳው ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኞቹ መመርመሪያዎች ያሳያሉ። 12 ኪሎ ሜትር የሚል ከሆነ ትናንት ጠፍቷል ማለት ነው። ሁለተኛው የሞተሩ የራስ ፍተሻዎች መጠናቀቃቸው ነው፤ ያልተጠናቀቁ ከበዙ ያው ነው ምክንያቱ።

ከታይሚንግ ጋር የሚያያዙት ኮዶች ፒ0016፣ ፒ0017 እና ወንድሞቻቸው ናቸው፤ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ ሴንሰሮች የሚያነቡት አልገጠመም የሚሉ። እነዚህ ሲወጡ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሴንሰር ይቀየራል፤ ርካሽ ስለሆነ። ኮዱ በሳምንቱ ከተመለሰ ሁለተኛ ሴንሰር አይግዙ፤ ካቴናው ይታይ።

መኪናዬ ጉልበት አነሰው። «ደጋ ስለሆነ ነው» ይሉኛል።

ደጋ በእርግጥ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋው ደብረ ማርቆስ ከሙሉ ጉልበቱ ሩብ ገደማ ይጎድላል፤ 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ ያለ ነው። አምና ይወጣው የነበረውን ዳገት ዘንድሮ ካቃተው ከፍታው አልጨመረም። የረዘመ ካቴና የካምሻፍቱን ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚያስቀር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ያሳጣል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ነዳጅ ይበላል። ቱርቦ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ከፍታን ምክንያት ማድረግ ጭራሽ አያሳምንም፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር በአብዛኛው ያካክሰዋል።

አባይ በረሃን በዚህ መኪና ልወርድ ነው። ምን ላስብ?

ቺንጋው ጊዜው ካለፈ ወይም ካቴናው ከጮኸ አይውረዱ። ቃል በቃል ነው የምንለው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው ያንኑ ያህል ይወጣሉ። ሲወርዱ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ፍሬን ስለሚይዙት ዙሩ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ሲወጡ ሙሉ ጭነት ላይ ይሞቃል። የደከመ ቺንጋ ይበጠስ ቢባል ከዚህ የሚብስ ቦታ የለም።

ቁልቁል ላይ ሲበጠስ የሚሆነው ይህ ነው። ሞተሩ ይጠፋል። አውቶማቲክ ከሆነ በሞተር የመያዝ ኃይሉ ይሄዳል፤ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬን አጋዡ በውስጡ በቀረው የመምጠጥ ኃይል (ቫኪዩም) ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ መርገጥ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ፤ አንዴ አጥብቀው ይርገጡና ሳይለቁ ይያዙት። መሪውን በሁለት እጅ ጨብጠው ወደ ተራራው ወገን ያስጠጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ቁልፉን አያውጡ፤ መሪው ይቆለፋል። መኪናው እንደቆመ ሰው ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ያድርግ፣ ሌላው ከኋላ ርቆ ለሚመጣው የጭነት መኪና ምልክት ያሳይ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን እንደገና ለማስነሳት አይሞክሩ። በግፊትም አይሞክሩ። እንዴት ያማልላል፣ እናውቃለን፤ በረሃ ላይ ሙቀቱ አለ፣ መንገደኛው «እንግፋልህ» ይላል። ግን አንዳንዴ ቺንጋው ሲበጠስ የሚታጠፉት ጥቂት ቫልቮች ናቸው፤ ቀሪዎቹን የሚያጣጥፈው ለማስነሳት የሚደረገው ሙከራ ነው። አውቶማቲክና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በገመድ ዳገት መጎተት ካምቢዮውን ይጎዳዋል፤ የሚጭን መኪና ይጥሩ።

ቺንጋው ሲቀየር አብሮ ምን ይቀየር?

መወጠሪያው፣ የሚንከባለሉት ሩሎዎችና፣ በቺንጋው የሚዞር ከሆነ፣ የውሃ ፖምፓው። የሩሎው ኩሽኔታ ከተያዘ አዲሱን ቺንጋ ይዞት ይሄዳል። የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ የዘይት ሲሎች የሚያፈሱ ከሆነ በዚያው ይቀየሩ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ያብጣል። በካቴና ደግሞ ካቴናው፣ መሪ ፕላስቲኮቹ፣ መወጠሪያውና ጥርስ ማርሾቹ አንድ ላይ ይሄዳሉ። አንዴ ጠብቀው የሚለጠጡ ቡሎኖች አሉ፤ ለምሳሌ በብዙዎቹ የክራንክሻፍቱ ትልቁ ቡሎን። ፈትቶ መልሶ መግጠም አይቻልም፤ አዲስ ይገዛል።

መለዋወጫ ከየት ላግኝ?

ለቶዮታና ለሌክሰስ ባሕር ዳርም አይጠፋም። ለአውሮፓዎቹ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሱማሌ ተራ ነው የሚታዘዘው። በሞዴል ስም ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሩ ያዝዙ፤ ለአንድ ሞተር ሁለት ዓይነት መወጠሪያ ሊኖር ይችላል። ቺንጋ ሲገዙ በላዩ የታተመውን የተሠራበትን ቀን ያንብቡ፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ቺንጋ ዋስትና የለውም። ታጥፎ ወይም ተጠምዝዞ የታሰረ ቺንጋ አይግዙ፤ በውስጡ ያለው ክር ይሰበራል። ያገለገለ ታይሚንግ ቺንጋ ወይም መወጠሪያ፣ «ኦሪጅናል ነው» ቢባል እንኳ፣ እኛ አንገጥምም።

ማን ይሥራልኝ?

እኛ ጋ ካልሆነ፣ የሚሠራልዎትን ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት። ካምሻፍቱን የሚቆልፈው የዚያ ሞተር መሣሪያ አለህ? ከገጠምክ በኋላ ሳታስነሳው በእጅ ስንት ጊዜ ታዞረዋለህ? መልሱ «ቀለም ቀብቼ ምልክት አደርጋለሁ» ከሆነ፣ ለአሮጌ ኮሮላ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለቢኤምደብሊውና ለመርሴዲስ አይሠራም። የሁለተኛው ትክክለኛ መልስ ክራንክሻፍቱን በሚዞርበት አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ልኩን እንደገና ማየት ነው። በእጅ ሲዞር የሚይዘው ነገር ካለ የዳነው ሞተር ነው።

ሲያልቅ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይሰጥዎት። ቀኑና ኪሎ ሜትሩ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተለይቶ፣ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ።

ዳገት ላይ በማርሽ ማቆም ካቴናን ይጎዳል?

ማንዋል በሆነውና አሮጌው መወጠሪያ ባለው አውዲና ቮልስዋገን ላይ፣ አዎ። የመኪናው ክብደት ሞተሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ካቴናው ሊዘል ይችላል። መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ክብደቱ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ ማርሹን ከዚያ ያስገቡ።

ሞተሩ ከተበላሸ ይጠገን ወይስ ሌላ ሞተር ልግዛ?

ቴስታታው ሳይወርድ መልስ የለም። የታጠፉት ቫልቮች ብቻ ከሆኑና ፒስተኑ ላይ ጥልቅ ምት ከሌለ ቫልቭና ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን መጋጠሚያ ማሸጊያ) ቀይሮ መጠገን ያዋጣል። ፒስተን ከተሰበረ ወይም ሲሊንደሩ ከተቧጠጠ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ይሻላል። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ መሬት ላይ እያለ ሥራው ቀላል ስለሆነ ሳይገጠም በፊት ቺንጋው ወይም ካቴናው በሙሉ ይቀየር፤ በተለይ ካቴናቸው ከኋላ ለሆነው።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ስለሚለይ የግዢውን ሕጋዊ ሰነድ ይዘው፣ ከመግጠምዎ በፊት፣ ፋይልዎ ያለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚፈለገውን ይጠይቁ። ይህን ሳያደርጉ የቀሩ ሰዎች ችግሩ የሚገጥማቸው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ ወይም መኪናውን ሊሸጡ ሲነሱ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሞተሩን ሻጭ ማግኘት ይከብዳል።